«አረፍ አሉ» እና «አረፉ»፤ የእንግሊዝኛ ትንንሽ ቃላት ጣጣ

እንግሊዝኛ በትልልቅ ቃላቱ አያስቸግረንም። «ሪስፖንሲቢሊቲ» ቢሉን እናውቃለን። «ኢንቨስቲጌሽን» ቢሉን አንደነግጥም። አሳራችንን የሚያበሉን ዞር ብለን የማናያቸው ትንንሾቹ ናቸው። «ፑት»፣ «ጌት»፣ «ቴክ»፣ «ጎ»። ለብቻቸው ሲሆኑ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን። ከኋላቸው «አፕ» ወይ «ኦፍ» ወይ «አውት» ሲለጠፍባቸው ግን ጭራሽ ባዕድ ይሆኑብናል።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። እንጀራዬ ማስተርጎም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የመንግሥት ቢሮ። በ2004 የወጣ የከተማው የቋንቋ ሕግ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ቢሮዎቹ እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ባለጉዳይ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አማርኛም በዚህ ሕግ ከሚገለገሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው።

የሚገርመኝ፣ ከማስተረጉምላቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንግሊዝኛ ያውቃሉ። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ተምረው፣ ዲግሪያቸውን ይዘው የመጡ ናቸው። ፎርሙን ራሳቸው አንብበው ይፈርማሉ። አንድ መሐንዲስ የነበሩ አዛውንት የቀዶ ሕክምናውን የስምምነት ወረቀት ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ አንድ የፊደል ግድፈት አግኝተው ለነርሷ አሳይተዋታል። ነርሷም ሳቀች። ከዚያ «ዊ ዊል ፑት ዩ አንደር አት ናይን» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«ከምን ሥር ነው የምታስቀምጠኝ?»

«ማደንዘዣ ነው ጋሼ። ሦስት ሰዓት ላይ እናስተኛዎታለን እያለችዎት ነው።»

«ታዲያ አነስቴዥያ አትልም እንዴ!» ተናደዱ።

እውነታቸውን ነው። «አነስቴዥያ» ብትል ኖሮ እኔን አይፈልጉም ነበር።

ነገሩ ከታሪክ የመጣ ነው። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ቤተ መንግሥቱ ፈረንሳይኛ ማውራት ጀመረ። ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት በላቲን ነበሩ። ገበሬው በራሱ ቋንቋ ቀጠለ። እየቆየ ሁሉም ተደባለቀና እንግሊዝኛ ለብዙ ነገር ሁለት ቃል ያለው ቋንቋ ሆነ፤ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለአፍ። ወረቀት ላይ «ፖስትፖን» የሚባለው በአፍ «ፑት ኦፍ» ነው። «ቶሌሬት» የሚባለው «ፑት አፕ ዊዝ» ነው። እሳት በወረቀት «ኢክስቲንጉዊሽ» ይደረጋል፣ በአፍ «ፑት አውት»። ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛው ግዕዝና አማርኛ ማለት ነው። «ዜና ዕረፍት» የሚለውን ጋዜጣ ላይ እናነበዋለን እንጂ ለጎረቤት በዚህ ቃል አንነግረውም። እኛ እንግሊዝኛን የገባነው በግዕዙ በር ነው፤ በመማሪያ መጽሐፍና በፈተና። ቅዳሴውን እንከታተላለን፣ የጓዳው ወሬ ግን ያመልጠናል።

ሐኪሞች ደግሞ የሚጎዱን ደግ ሲሆኑልን ነው። እንግሊዝኛ የሚቸግረው ሰው ፊታቸው ሲቀመጥ «ላቅልለት» ይላሉ። «ቮሚት» የሚለውን ትተው «ስሮው አፕ» ይላሉ። «ፌይንት» የሚለውን ትተው «ፓስ አውት» ይላሉ። እዚሁ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ላደገ ልጅ ቀሎለታል። ደብረ ማርቆስ ለተማረ ሰው ግን ባሰበት። «ስሮው» መወርወር ነው። «አፕ» ወደ ላይ ነው። «ወደ ላይ ወርውረሃል ወይ?» የተባለ በሽተኛ ምን ይበል? «ኖ» ይላላ! ምን ወረወረና? ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው ያደረ ሰው «ኖ» ብሎ መለሰ፣ ኮምፒውተሩ ላይም «ማስመለስ የለም» ተብሎ ተጻፈ።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው «ፓስ አውት» እና «ፓስ አዌይ» ነው። የመጀመሪያው ራስን መሳት ነው። ሁለተኛው መሞት። አንድ ቀን ድንገተኛ ክፍል ተጠርቼ ስደርስ በር ላይ ለቅሶ ተነስቷል። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «አባዬ! አባዬ!» ትላለች። ታናሽ ወንድሟ ስልኩን ይዞ አዲስ አበባ ለማን ቀድሞ እንደሚደውል ግራ ገብቶታል። ነርሷ በድንጋጤ ደርቃ ቆማለች። «ምን ነበር ያልሻቸው?» አልኳት። ደም ሲቀዳላቸው «ፓስድ አውት» እንዳደረጉ፣ አሁን ግን ደህና እንደሆኑ ነበር የነገረቻቸው። ልጅቷ ከዚያ ሁሉ የያዘችው «ፓስድ» የምትለዋን ብቻ ነው። ሽማግሌው ከመጋረጃው ጀርባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የብርቱካን ጭማቂ ይጠጣሉ። ልጃቸው ዘላ ስትገባ ደነገጡ። «ምን ሆነሻል አንቺ? ማን ሞተ?» አሏት።

ፈረንጅ ግን በዚህ ሊስቅብን አይችልም። የእኛውን ተመልከቱ። «አባባ አረፍ አሉ» እና «አባባ አረፉ»። አማርኛ ለሚማር ሰው ልዩነቷ አንዲት «አሉ» ናት። አንዱ ሶፋ ላይ ጋደም ማለት ነው፣ ሌላው ድንኳን ያስተክላል። እኛ በዚህ ተምታቶብን አያውቅም። «አረፍ አለ» የሚለውን ቆራርጠን ስለማንሰማው ነው። ለጆሯችን አንድ ቃል ነው።

ለዚህ ነው የ«ጌት» ገጽ፣ የ«ፑት» ገጽ እየተባለ በትምህርት ቤት የሚሰጠውን ዝርዝር የማልወደው። ሰው ሌሊቱን ሲሸመድድ ያድራል። ጠዋት «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት ኦን»፣ «ፑት አውት» አንድ ላይ ተቦክተው ይጠብቁታል። የሚምታቱትን ጎን ለጎን አስቀምጦ «እንዳይምታታባችሁ» ማለት ምን የሚሉት ነው?

ከዝርዝሩ ይልቅ የራሳችንን ቋንቋ ብናይ ይሻላል። «አለ» መናገር ነው አይደል? ታዲያ «ብቅ አለ» የተባለው ሰው ምን ተናገረ? «ቁጭ አለ»ስ? «ዝም አለ»ማ ጭራሽ የሚያስቅ ነው፤ ምንም ሳይል «አለ» ተባለ። እዚህ «አለ» የራሱን ትርጉም ጥሎ ተሸካሚ ሆኗል። ሥራውን የምትሠራው «ብቅ» ናት፣ «ቁጭ» ናት፣ «ዝም» ናት። የእንግሊዝኛው «ጌት» እና «ፑት» ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። ተሸካሚው ላይ አፍጥጦ መዋል አይጠቅምም። የተለጠፈችዋን ማየት ነው። «ሾው አፕ» ብቅ አለ ነው። «ካልም ዳውን» ረጋ አለ ነው። መብራት «ጎ አውት» ሲያደርግ ድርግም አለ ነው። እንዲህ ሲያዙ በአንድ ጉርሻ ይገባሉ።

«አፕ»ን ሁላችንም «ወደ ላይ» ብለን ነው የተማርናት። ታዲያ «ኢት አፕ» ወደ ላይ መብላት ነው? እዚህ ጋ «አፕ» አቅጣጫ የላትም፤ ነገሩ እስከ መጨረሻው ተደረገ ማለት ናት። ለዚህ ደግሞ አማርኛን የሚያህል ሀብታም አላየሁም። ሙልጭ አድርጎ በላ። ጭልጥ አድርጎ ጠጣ። ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። ጥፍር አድርጎ አሰረ። ሙጥጥ አድርጎ ጨረሰ። እኛ ለእያንዳንዱ ግስ የራሱ ማጠናከሪያ አለን፤ እንግሊዝኛ ለሁሉም አንዷኑ «አፕ» ይልካል። «ኢት አፕ» ሙልጭ፣ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ፣ «ሎክ አፕ» ጥርቅም፣ «ታይ አፕ» ጥፍር፣ «ዩዝ አፕ» ሙጥጥ። ይህን የነገርኩት አንድ ወጣት ሹፌር «ሙልጯ አፕ» ብሎ ስም አወጣላት። ከዚያ ወዲህ እኔም በልቤ እንደዚያ ነው የምጠራት። ሁሉም «አፕ» ሙልጯ አይደለችም፣ «ስታንድ አፕ» አሁንም ወደ ላይ ነው። ግን የግማሹን ጭንቀት ትቀንሳለች። አንዳንዴማ የምታስቅ ናት፤ ቤት ሲቃጠል «በርንድ አፕ»ም «በርንድ ዳውን»ም ይባላል። አንዱ እሳቱ ሙልጭ አድርጎ መጨረሱን ያያል፣ ሌላው ቤቱ ፈርሶ መሬት መውደቁን።

«ኦፍ» መለቀቅ ናት፣ መለያየት። ጫማ «ቴክ ኦፍ» ሲደረግ ከእግር ይለያል፤ አውሮፕላን «ቴክ ኦፍ» ሲያደርግ መሬት ይለቃል። ማደንዘዣ «ዌር ኦፍ» ሲያደርግ ቀስ እያለ ሰውነትን ይለቃል። («ዌር አውት» ሌላ ነው፤ ጫማ ሲያልቅ ወይም ሰው ሲዝል ነው።) ራስ የሚያዞረው «ጎ ኦፍ» ነው። መብራቱ «ወንት ኦፍ» ካሉ ጠፋ። የማንቂያው ደወል «ወንት ኦፍ» ካሉ ጮኸ። እንግሊዞች ወተቱ «ወንት ኦፍ» ካሉ ተበላሸ። ደወሉን የምይዘው እንዲህ ነው፤ ጠመንጃም «ጎ ኦፍ» ያደርጋል፣ ቦምብም ያደርጋል። ተወጥሮ የተያዘ ነገር ሲለቀቅ ነው። ወተቱን በዚህ መንገድ ለማስረዳት ሞክሬ ትቼዋለሁ።

በዚህ የተማረርነው የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲያወጣ መቅድሙ ላይ ይህንኑ ጉዳይ አንስቷል። ከግስ ኋላ የምትለጠፈዋ ትንሽ ቃል ለውጭ አገር ሰው ከባዱ ፈተና እንደሆነች ጽፏል። በጥንቃቄ እንደለቀማቸው ጠቅሶ፣ ከእንግዲህ ለተማሪው የማይቻሉ እንደማይሆኑም ተስፋ አድርጓል። ይኸው ከ250 ዓመት በላይ አለፈ፤ እኔም በእነሱ እንጀራ እበላለሁ። በጆንሰን ጊዜ እነዚህ ግሶች ዛሬ የሚጠሩበት ስም እንኳ አልነበራቸውም። «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስም የተለመደው ጸሐፊው ሎጋን ፒርሶል ስሚዝ በ1925 መጽሐፉ ላይ ከተጠቀመበት ወዲህ ነው።

ለጆሮ የሚሆን አንድ ነገርም አለ። ሰው በፍጥነት ሲያወራ ግሱ ይዋጣል፣ የምትለጠፈዋ ግን ጠንከር ተደርጋ ትባላለች። ስለዚህ ኋላ ያለችዋን አድምጡ። ግሱ ከነተለጣፊዋ ስም ሲሆን ይገለበጣል፤ ጥንካሬው ወደ ፊት ይመጣል። እኛ እንኳ ስሞቹን ቀድመን ወስደናቸዋል። ሜካፕ፣ ፒካፕ፣ ቼካፕ።

«ኢት» የምትቀመጥበት ቦታም ያጣላል። «ጌት ኢት ኦቨር ዊዝ» ማለት ቶሎ አድርገህ ተገላገለው ነው። መርፌ ለሚፈራ ሰው የሚባል ነው። «ጌት ኦቨር ኢት» ደግሞ እርሳው፣ ይለፍልህ፣ አታካብደው ነው። ኀዘን ላይ ላለ ሰው ይህንን ከተናገራችሁ ወዳጅነታችሁ እዚያው ያበቃል።

እኔን ራሴን የሚያስጨንቀኝ «ሩል አውት» ነው። ዶክተሩ «ዊ ዋንት ቱ ሩል አውት ካንሰር» ይላል። ያለው ነገር ደግ ነው፤ ካንሰር አለመሆኑን እናረጋግጥ ነው ያለው። በሽተኛው ግን የሰማው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። እኔ ስተረጉመው ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ካንሰር…» ብዬ ትንፋሽ ከወሰድኩ ሰውየው በሐሳቡ ቀብሩ ደርሷል። ስለዚህ «አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው» እስክል አልተነፍስም። አንዳንዴ «ጥሩ ነገር ነው የሚነግሩዎት» ብዬ ብጀምር ደስ ይለኛል። አስተርጓሚ ግን ያልተባለ አይጨምርም። «ሆልድ ኦፍ» እና «ሆልድ ኦን ቱ»ም ከዚህ ወገን ናቸው። መድኃኒቱን «ሆልድ ኦፍ ኦን» ካሉ ለጊዜው አትውሰድ ነው። «ሆልድ ኦን ቱ» ካሉ አትጣለው፣ ያዘው ነው። ይሄ ቀልድ የለውም።

ሥራ ቦታ ያለውን ባጭሩ ልንካው። አንድ ፓርኪንግ የሚሠራ ጓደኛዬ አርፍዶ ሲገባ አለቃው «አይም ጎይንግ ቱ ራይት ዩ አፕ» አለው። ጥሩ ነገር ሊጻፍለት መስሎት «ታንክ ዩ ሶ ማች!» ብሎ እጁን ጨበጠው። «ራይት ዳውን» መመዝገብ ነው፤ ሠራተኛን «ራይት አፕ» ማድረግ ግን ፋይል ውስጥ የሚገባ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ነው። አለቃው እስከ ዛሬ እንደተቀለደበት ነው የሚያስበው። ከዚህ የሚብሰው «ሌይድ ኦፍ» እና «ፋየርድ» ነው። በወሬ ሁለቱንም «አባረሩኝ» እንላለን፤ «ተቀነስኩ» የሚል ቃል እያለን። የሥራ አጥ ድጎማ ፎርም ላይ ግን ልዩነቱ ብር ነው። ሥራ አንሶ የተቀነሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያገኛል፤ በጥፋት የተባረረ ሊከለከል ይችላል። «ኮልድ አውት» እና «ኮልድ ኢን ሲክ» ደግሞ ይገርሙኛል። አንዱ ውጭ፣ አንዱ ውስጥ ሆኖ ሁለቱም «ዛሬ ደውላ ቀረች» ናቸው። መንገድ ላይ «ፑል ኦቨር» ከተባላችሁ ዳር ያዙ፤ «ፑል አውት» ከተባላችሁ ወደ መንገዱ ውጡ። ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ይህቺን መቀያየር አይመከርም።

ፈሊጡ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እሱ ላይ ያለን አበሳ የራሳችን ፈሊጥ ቀድሞ ጆሯችን ውስጥ መቀመጡ ነው። ሰው ሶፋ ተሸክሞ «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» ሲል አግዘኝ ማለቱ ነው። በእኛ «እጅ ስጥ» ግን ጠመንጃ ደግኖ የሚባል ነው። የእኛም እጅ ቢሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ። እጅ ሰጠ፣ ተማረከ። እጅ ነሳ፣ አክብሮ ሰላምታ ሰጠ። መስጠትና መንሳት ተቃራኒ አይደሉም እንዴ? አማርኛ ለሚማር ፈረንጅ ይህን ማስረዳት አይሞከርም። እግርም ያው ነው። «ዩ አር ፑሊንግ ማይ ሌግ» ቃል በቃል እግሬን ትጎትታለህ ነው፤ ትርጉሙ ግን «እየቀለድክብኝ ነው» ነው። እኛ እግሩን ይጎትታል የምንለው የሚንዛዛውን ሰው ነው። ለእሱ እንግሊዝኛ ሌላ አለው፤ «ድራጊንግ ሂዝ ፊት» ይሉታል። ሁለቱም ጉተታ፣ ሁለቱም እግር፣ ትርጉማቸው ግን አይገናኝም። አንዳንዱ ደግሞ ቁጭ ብሎ ይገጥማል። «አንደር ዘ ቴብል» ጉቦ ነው፤ እኛም በጠረጴዛ ሥር እንላለን። ጠረጴዛው ባለበት ቦታ ሁሉ ሌብነቱ ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው።

ጠረጴዛ ካነሳሁ አይቀር፣ ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆኑትም ተጣልተውበታል። ነገሩን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፈው ታሪክ ውስጥ አስፍሮታል። የእንግሊዝ ጦር አዛዦች አንድ ወረቀት አዘጋጁ፤ በአስቸኳይ እንዲታይላቸው ፈለጉ። ለአሜሪካኖቹ «ቴብል ይደረግ» አሏቸው። በእንግሊዞች ዘንድ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብና አሁኑኑ እንነጋገርበት ማለት ነው። በአሜሪካኖች ዘንድ ወደ ጎን ይቀመጥ፣ ይቆይ ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ጉዳዩ አንገብጋቢ ነው፣ ቴብል አይደረግም ብለው ድርቅ አሉ። ረጅም ክርክር ሆነ፣ መረር ያለ ነገርም ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሲታይ ሁለቱም ወገን የሚፈልገው አንድ ነገር ኖሯል፤ ወረቀቱ ቶሎ እንዲታይ። እና ስብሰባ ላይ «ሌትስ ቴብል ዚስ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ከመስማማታችሁ በፊት ከየት አገር እንደመጣ ጠይቁት።